ያልተቆረጠው ዋንዛ

የአሸዋው ጆንያ ከተንጠለጠለበት ገመድ ተለቆ ወንበሩ ላይ ዱብ ሲል የሥራ ቤቱ ወለል ተንቀጠቀጠ፤ ወንበሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ወይዘሮ የትነበርሽ ተንበርክካ መጋጠሚያዎቹን በአውራ ጣቷ እየተጫነች መረመረች። ከመደገፊያው ሥር ጆሮዋን አስጠግታም አዳመጠች። ከማለዳ ጀምሮ ጆንያው ደጋግሞ ወድቆበታል፤ የመሰንጠቅ ድምፅ አልተሰማም። የሕፃን ግንባር ድንገት ቢያርፍባቸው ብላ ጠርዞቹን በመዳፏ ዳሰሰች። መቀመጫውንም አሸተተች። የሚያስነጥስ ቀለም አልተቀባም፤ የሚሸተው ሰምና የተልባ ዘይት ብቻ ነበር።

«ይኼን ያህል ወንበር ፈትኛለሁ» አለች ጉልበቷን እያራገፈች፣ «እንደዚህ የጸናልኝ የለም።»

ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። የሥራ ቤቱ ባለቤት ኡዘይር ፈገግ አለ። ወንበሩን የነደፈው ራሱ ነው። አባቱ ሷሊሕ በበቅሎ ጨውና አቡጀዲ እየጫነ ገጠር ለገጠር የዞረ ነጋዴ ነበርና፣ የመቀመጫውን ጎድጓዳ ቅርጽ የወሰደው ከአባቱ ኮርቻ ነው። ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ያለው ይህ ሥራ ቤት ሲከፈት አልጋና ቁም ሳጥን ብቻ ይሠራ ነበር፤ አሁን ግን በከተማው ለሚከፈተው የሕዝብ ንባብ ቤት የሚሆኑት ወንበሮች ሁሉ በግድግዳው ጥግ ተደርድረው የመጨረሻውን ቃል ይጠብቃሉ። ቃሉን የምትሰጠው ንባብ ቤቱን ያሠራው ማኅበር ከአዲስ አበባ የላካት ይህች ሴት ናት።

«እንግዲህ የቀረን ዛፉ ነው» አለች ወይዘሮ የትነበርሽ።

«ዛፉ?»

«ዋንዛውን የተከሉት ሽማግሌ፤ ማክሰኝት አጠገብ ነው ያሉት ብለውኝ አልነበር? ደርሰን እንምጣ። ሰውየውን ሳላይ ብመለስ ይቆጨኛል።»

ኡዘይር ወደ ተደረደሩት ወንበሮች ዞረ። የማኅበሩ ጥብቅ ቅድመ ሁኔታ አንድ ነበር፤ እንጨቱ በሰው እጅ ከተተከለ ዛፍ እንጂ ከተፈጥሮ ጫካ እንዳይቆረጥ፣ በተቆረጠውም ምትክ እንዲተከል። ሥራውን ሲረከብ «የአያ ዳኛው ዋንዛ አለ» ብሎ ነበር። ያን ጊዜ አልዋሸም። ከአያ ዳኛው ጋር ተነጋግረዋል፤ ሽማግሌውም ሳይግደረደሩ ፈቅደውለት ነበር። «ብቻ ታገሥ» ነበር ያሉት። «አበባው ይርገፍ፣ ንቡ ቀለቡን ይልቀም። ከተቆረጠም ወዲያ ጣውላው አንድ ክረምት ጥላ ሥር ይረፍ። እርጥብ ዋንዛ ለቸኮለ ሰው አይሆንም።» ከዚያ የንባብ ቤቱ መክፈቻ ቀን ቀረበ። አንድ ደላላ ከቆላው ጫካ ተቆርጦ በአይከል በኩል የመጣ ደረቅ ጣውላ አሳየው። ዋንዛ ዋንዛ ነው፣ አለ ኡዘይር ለራሱ። ጣውላው ገባ፣ ተላገ፣ ተገጠመ። አዲስ ውሸት መናገር እንኳ አላስፈለገውም፤ የድሮው እውነት ባለበት እንዲሻግት ዝም አለ።

«ሽማግሌው ገበያ ወርደው እንደሆነስ?» አለ።

«ዛፎቹ ገበያ አይወርዱም» አለች እየሳቀች።

ፒካፑን ራሱ ነዳ። ሞተሩን ሲያስነሳ እንደ ልማዱ «ቢስሚላህ» አለ፤ ወዲያው ደግሞ ቃሉን ለምን ጉዞ እንዳወጣው ትዝ አለው። አዘዞን አልፈው፣ ፀዳን ተሻግረው ወረዱ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ቢጫ ሆኖ አጫጆች ጎንበስ ብለውበታል። ስልክ እንዳይደውል ሴትዮዋ አጠገቡ ናት፤ ቢደውልም አያ ዳኛው ስልክ አይዙም።

«እንዴት ተዋወቃችሁ?» አለችው።

ነገራት። አባቱ ለገበያ ሲወርድ የሚያድረው እዚያ ቤት ነበር። አንድ ክረምት ንዳድ ጥሎት አያ ዳኛውና ወንድሞቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው፣ የሞላ ወንዝ አሻግረው ጎንደር አድርሰውታል። አባቱ ሲሞትም አያ ዳኛው መካነ መቃብሩ ድረስ መጥተው ከሰዉ ራቅ ብለው፣ ጋቢያቸውን አደግድገው ቆመው ነበር። የሚናገረው ሁሉ እውነት ነው። እያንዳንዱ እውነት ግን ውሸቱን ደግፎ ለማቆም የሚመታ ችካል ሆነበት፤ ከፀዳ በኋላ ወሬውን አቋረጠ።

አያ ዳኛው ገበያ አልወረዱም። ከአጥሩ ደጃፍ ቆመው መኪናውን ገና ከሩቅ ለይተውት ነበር። ከቤቱ ጀርባ ያለው ተዳፋት በዋንዛ ነጭ አበባ ተሸፍኖ የንቡ ድምፅ እስከ መንገዱ ይሰማል። ደርግ በወደቀ ማግሥት፣ ሰው ሁሉ የየድርሻውን ሲመነጥር፣ እሳቸው ችግኝ ተሸክመው ሲወጡ የሳቀባቸው ብዙ ነበር።

«ኡዘይርዬ! ምነው እንዲህ ጠፋህ?» ብለው ትከሻውን ሳሙት። «ሸጋ ቀን መጣህ። መጋዙን ይዘህ ነው?»

«አይ፣ ዛሬስ… እንግዳ ይዤ ነው» አለ ኡዘይር ፈጥኖ፣ በሽማግሌውና በሴትዮዋ መካከል እየገባ። «ወይዘሮ የትነበርሽ ይባላሉ። ዛፉን ሊያዩ ነው።»

ሚስታቸው እሜቴ ሽታዬ ብቅ አሉ። ከግድግዳው ላይ ለሷሊሕ ቤተሰብ ብቻ ተለይቶ የሚቀመጠውን ሳህን አውርደው አጥበው፣ አዲስ የተቆረጠ ማር ሞልተው ለኡዘይር አቀረቡለት። ለእንግዳዋም በሌላ ሳህን ሰጡ። ኡዘይር አንድ ጊዜ ቀምሶ ሳህኑን አስቀመጠ።

ከዚያ ወደ ተዳፋቱ ወጡ። ወይዘሮ የትነበርሽ ግንዶቹን እየዳበሰች፣ ቀና እያለች አበባውን እያየች ስትሄድ ፊቷ የልጅ ፊት መሰለ።

«አባቴ፣ እነዚህን ሁሉ የተከሉት እርስዎ ነዎት?»

«ከእግዜር ጋር» አሉ አያ ዳኛው።

«ለወንበሮቹ የተቆረጡትስ የት የነበሩት ናቸው?»

«የተቆረጡት?» አያ ዳኛው ሊስቁ ጥርሳቸው ብልጭ አለ። «የትኞቹ የተቆረጡ?»

ከዚያ ኡዘይርን አዩት።

ኡዘይር መሬት መሬት ያይ ነበር። ከጫማው አጠገብ የረገፈ አበባ ነበር፤ እሱን ትኩር ብሎ አየ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ለአንድ ቃል የሚበቃ ቦታ ነበረ፤ ከአንድም በላይ። ቃሉ አንደበቱ ላይ እንደነበረ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቧል። አልተናገረም።

«ከወዲያ ማዶ» አሉ አያ ዳኛው በመጨረሻ። ድምፃቸው ወርዷል። «ከገደሉ ጥግ የነበሩት ናቸው።»

«ጉቷቸውን ማየት ይቻላል?»

«ነቀልነው። ማገዶ ሆነ።»

«በምትካቸውስ ተክለዋል?»

«ይተከላል… ክረምት ሲገባ።»

አያ ዳኛው ከንፈራቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። ውሸት ሲናገሩ ኡዘይር ሰምቷቸው አያውቅም፤ በዚያ አገር ሰምቷቸው የሚያውቅ ሰው ያለም አይመስለውም። ሰው በድንበር ሲካሰስ «ዳኛው ይመስክር» ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ የተረታው እንኳ ቂም አይዝም። አሁን እኚህ ሰው፣ አዲስ ቋንቋ እንደሚለማመድ ባዕድ፣ ቃል እየፈለጉ ሲንተባተቡ ማየት ልብስ አውልቀው ሲቆሙ የማየት ያህል ነበር። ያስወለቃቸው ደግሞ እሱ ነው።

ወይዘሮ የትነበርሽ ካሜራዋን አወጣች። «እስቲ ከዛፉ ጋር ላንሳዎት። የንባብ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን። ልጆቹ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ የተከለውን ሰው ይወቁት።»

«የኔስ ይቅር፣ ልጄ።»

«ምነው አባቴ? ደስ ይለን ነበር።»

«ይቅር። ዛፉን አንሺ። ዛፉ ሸጋ ነው።»

ሴትዮዋ ትሕትና መሰላትና ፈገግ ብላ ወደ ላይኛው ረድፍ ወጣች። ኡዘይርና ሽማግሌው ብቻቸውን ቀሩ።

«አያ ዳኛው…»

«ቀስ በል፤ ትሰማለች።»

«አጠፋሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

አያ ዳኛው አላዩትም። ዓይናቸው ከገደሉ ጥግ፣ ዛፍ በቅሎበት ከማያውቀው ባዶ መሬት ላይ ነበር።

«አስቀድመህ ዋሹልኝ ብትለኝ እምቢ ባልሁህ» አሉ። «ትቆጣ ነበር፣ ትታረቅም ነበር። አንገትህን ደፍተህ ሳይህ ነው አፌ የቀደመኝ። የሷሊሕን ልጅ በደጄ፣ በእንግዳ ፊት ላዋርደው?»

«እኔ ነኝ ያዋረድኩዎ።»

«የተናገርሁት እኔ ነኝ» አሉ አያ ዳኛው። «እንዴት እንደሚቀልል ብታይ። አንደኛው ሲወጣ ሌሎቹ ተከትለው ወጡ።»

ሲሰነባበቱ እንደ ወትሮው ትከሻውን ሳሙት፤ እንደ ወትሮው «ሰላም ግባ» አሉት። ኡዘይር ቢገፉት፣ ቢሰድቡት በወደደ ነበር። እሜቴ ሽታዬ ምንም አላወቁም፤ «ይችን ለሰልማ ስጥልኝ» ብለው ለሚስቱ የሚሆን ማር በቅል አስያዙት። በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ምርቃታቸውን ሲያወርዱለት ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

ማክሰኝት ሲደርሱ ከብት መንገዱን ሞልቶት ነበር። ኡዘይር ቀስ እያለ በበሬዎቹ መካከል ነዳ። ወይዘሮ የትነበርሽ ያነሳችውን የዛፉን ፎቶ እያየች በደስታ ታወራለች።

«ፎቶ እንኳ እምቢ አሉ! አዩ፣ የሠራ ሰው ይታይልኝ አይልም። ባላነሳቸውም ስማቸውን ከነታሪካቸው አስጽፈዋለሁ። ልጆቹ የእንዲህ ያለ ሰው ስም እያነበቡ ይደጉ።»

ኡዘይር መሪውን ጨበጠ። ዝም ቢል የአያ ዳኛው ስም በውሸት ላይ ተጽፎ፣ ሕፃናት እያነበቡት ይኖራል። ቢናገር ደግሞ በዚህች ሴት ፊት ዋሾ የሚሆኑት እሳቸው ናቸው። መውጫው በየትም በኩል ቢሆን ሽማግሌውን ረግጦ የሚያልፍ ነው። መንገዱን እሱ ነው እንዲህ አድርጎ የቀየሰው። አንድ በሬ መስታወቱን በቀንዱ ነካክቶ አለፈ። ከብቱ ካለፈ በኋላም ኡዘይር አልነዳም፤ ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ።

«ወይዘሮ የትነበርሽ፣ እኚያ ሰው ከዛሬ በፊት የሐሰት ቃል ተናግረው አያውቁም።»

«ያስታውቃሉ እኮ» አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። «ከዛሬ በፊት?»

ነገራት። አጭር ነበር፤ እንዲህ አጭር መሆኑ ገረመው። የቆላውን ጣውላ፣ ደላላውን፣ የራሱን ዝምታ ነገራት። «አያ ዳኛው አንድም ዛፍ አልቆረጡም። ምን እንደሠራሁ አያውቁም ነበር። እርስዎ ሲጠይቋቸው ነው የሰሙት። የዋሹት እኔ እንዳላፍር ነው።»

ወይዘሮ የትነበርሽ ካሜራዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ወንበሮቹን መቀበል አልችልም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እንዴት ያለ ወንበር ነበር!» አለች፤ ቁጣዋ ውስጥ ሐዘን ነበረበት። ወደ እሱ ዞራ ደግሞ፣ «እንደሚነግሩኝ ሽማግሌው ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ሳይነግራቸው ይንገሯቸው። እኔም ልኑር፤ ፊት ለፊቴ ነው የተናገሩት።»

ኡዘይር ከባዱ ያለፈ መስሎት ነበር። ለዚህች ሴት መናገር እንግዳ ሰው ፊት ማፈር ነው፤ ነገ አዲስ አበባ ትገባለች። ወደዚያ ደጃፍ መመለስ ግን ሌላ ነው። ወደ ጎንደር የሚወጣውን፣ ብርሃን የወደቀበትን መንገድ አየ። ሴትዮዋ አልጎተጎተችውም። ሞተሩን አስነስቶ መኪናውን አዞረ።

አያ ዳኛው ከቤት አልገቡም ነበር። ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው አገኟቸው። መኪናውን ሲያዩ ተደግፈው ተነሱ።

«ምነው?» አሉ። «የረሳችሁት ነገር አለ?»

ኡዘይር ወረደ። መንገድ ላይ ያሰናዳው ንግግር ነበር፤ ስለ አባቱ፣ ስለ ወዳጅነታቸው፣ ስለ ይቅርታ። ከሽማግሌው ፊት ሲቆም አንዱም አልቀረበለት።

«ነግሬያታለሁ» አለ።

አያ ዳኛው ሴትዮዋን አዩ። እሷ ዓይኗን ሰበረች። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ላይ ስበው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ከጋቢው በላይ ዓይናቸው ብቻ ቀረ። ከቤት ውስጥ እሜቴ ሽታዬ «ማን ነው የመጣው?» እያሉ ይጠይቃሉ።

አያ ዳኛው የአጥሩን በር ገፋ አደረጉት።

«ግቡ» አሉ። «ይህ ደጅ ላይ የሚነገር ነገር አይደለም።»