የቃኘው አንዲት ኩላሊት

ቃኘው ልብሱን በፌስታል አስሮ ከሆስፒታሉ አልጋ ሊወርድ ይታገላል። ልጁ ኤሊሸቫ ደግሞ ትከሻውን ይዛ «ተኛ እባክህ» ትለዋለች። እልኸኛ ሰው ነው፤ ጎኑ ሲወጋው እንኳ ቁጣው በልጁ ላይ ነው።

ሳፒር በተባለው የፋብሪካ ሰፈር በሚሠራበት መጋዘን ውስጥ የተደረደረ ሳጥን ተንዶበት ነበር። ሲቲ ስካን ሲያነሱት የግራ ኩላሊቱ ተሰንጥቃ ተገኘች። በቀኝ በኩል ግን ጭራሽ ኩላሊት የለም፤ ለካ የተወለደው በአንዲት ብቻ ኖሯል። ቁስሉ እስኪጠግግ ካልተኛና እንደገና ከደማ፣ ያቺንም አጥቶ ዕድሜ ልኩን ደሙን በማሽን እያስጣራ ሊኖር ነው።

ሐኪሙ ይህን ሁሉ ቃኘው በቅጡ በማይሰማው ዕብራይስጥ ነገራት። እሷ ግን ለአባቷ «ትንሽ ምት ነው፣ ደህና ነህ» ብላ አሳጠረችው። በነሱ ዘንድ ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርም። ወንድሙ ምንይችል ጎንደር ላይ ሲሞት ሽማግሌዎች ተሰብስበው እስኪያረዱት ድረስ፣ «ትንሽ አሞት ነው እንጂ ደህና ነው» እያለች ስታባብለው የከረመችው እሷው ነበረች።

«ልሂድ፣ ልጄ» አለ ቃኘው። «ሳልሞት የልጅ ልጆቼን ልይ።»

«ማን ትሞታለህ አለህ? ሃኮል በሴደር፣ ሁሉ ሰላም ነው፣ ደህና ነህ እያልኩህ።»

«ምንይችልም ደህና ነበር።»

በዚህ መሃል የአልትራሳውንድ ባለሙያዋ ሐጊት መሣሪያዋን እየገፋች ገባች። ቃኘው በሰው ፊት መጨቃጨቅ ስለማይወድ እያጉረመረመም ቢሆን ተጋደመ።

ኤሊሸቫ ስክሪኑን ወደ አባቷ እንድታዞርላት ሐጊትን ለመነቻት። ከዚያ እጁን ያዘች።

«አባ፣ ዋሽቼሃለሁ። ያለችህ ኩላሊት አንዲት ናት። የቆሰለችውም እሷው ናት።»

ሰማይ የተደፋባት መሰላት። አባቷ ግን አንገቱን ወደ ስክሪኑ አሰገገ። ሐጊት አንድ ነገር ስትጫን ግራጫው ምስል ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ይርገበገብ ጀመር።

«ይኸ ደምህ ነው» አለች ኤሊሸቫ፤ «ውስጧ እየዞረ ነው። ይኸ ጥቁሩ ደግሞ ስንጥቁ ነው፤ ጠቧል ትላለች ሐጊት። ከተኛህ ትድናለች፤ ተነሥተህ ከሄድክ ግን ልታጣት ትችላለህ።»

«አንዲት?»

«አንዲት።»

«ያን ሁሉ ጆንያ ስሸከም ብቻዋን ነበረች በይኛ» አለና ፈገግ አለ። «አሁን አመንኩሽ። ክፉውን ደብቀሽ ደጉን ብቻ ብትነግሪኝ ምኑን ልመን?»

ሐጊት ጎኑ ላይ የቀባችውን ቅባት ጠርጋለት ወጣች። እሱ ግን ዓይኑን ከልጁ ላይ አላነሣም።

«አንቺስ ይህን በሆድሽ ይዘሽ ነው የሰነበትሽው?» አላት።

እስካሁን በፊቱ አልቅሳ የማታውቅ ልጅ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ነይ እስቲ ወዲህ» አለ ቃኘው ክንዱን ዘርግቶ። «እኔ እንደሁ መነሣት ተከልክያለሁ።»