የሚያነክሰው ግጥም

በዚያ ቤት ሁለት አያቶች፣ አንዲት ጠባብ ኩሽና እና አንዲት ገጣሚ ነበሩ። ከሁሉም የትኛው ይበልጥ እንደሚጤስ አትጠይቁኝ።

የእናቷ እናት ከባሕር ጠረፍ የመጡ ናቸው። እዚያ ነፋሱ ሲነሳ ጀልባው ይሄዳል፤ የዘገየ ይቀራል። ስለዚህ ዕድሜያቸውን ሙሉ «ቶሎ!» ሲሉ ኖሩ፣ ሰፈሩም እማማ ቶሎ ብሎ ስም አወጣላቸው። የአባቷ እናት ደግሞ የተራራ ሰው ናቸው። እዚያ ጉሙ ሳይገለጥ እግሩን ያነሳ ገደል ይገባል። የእሳቸው ቃል «ቆይ!» ነው፤ እማማ ቆይ ተባሉ።

ልጆቻቸው ሲጋቡ አንዷ «ዘገዩ» አሉ፣ ሌላዋ «ተቻኮሉ»። ክርክሩ ሳያልቅ ባልና ሚስቱ ተከታትለው አረፉ፣ አንዲት ሕፃን ቀረች። ሁለቱ አሮጊቶች ከነጭቅጭቃቸው አንድ ጣራ ሥር ገብተው አሳደጓት። ልጅቷ ሳትነቃ አንደኛዋ ፊቷን ያጥቧታል፣ ሁለተኛዋ «ቆይ፣ ሕልሟን ትጨርስ» ይላሉ። እንዲህ ያደገ ሰው ገጣሚ ባይሆን ነው የሚገርመኝ።

አድጋ ላውንደሪ ቤት ተቀጠረች። ቀኑን ሙሉ ካውያ ስትገፋ ትውላለች። ካውያው እስኪግል መጠበቅ አለ፤ ከጋለ በኋላ ግን አንገትጌው ላይ ትንሽ የዘገየች እንደሆነ ሸሚዙ አለቀለት። ስንኝ የሚመጣላት እዚያው እንፋሎቱ ውስጥ ነው፣ የሚመጣውም እንዲህ ሆኖ ነው፦

ቶሎ በይ፣
ጀልባው ሄደ፣ ነፋሱ መጣ፣ ማዕበሉ ወረደ፤
ቆይ፣
ጉሙ ይነሳ መጀመሪያ፣ መንገዱ የት እንደሄደ
ይታይ።

ይህንን ይዛ ነው አርታኢው ዘንድ የሄደችው። አርታኢው የከተማውን ገጣሚዎች ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሽ ሰብስቦ ያስነብባል፣ ደህና የሆነውንም መርጦ በመጽሐፍ ያሳትማል። ለገጣሚዋ መጽሐፍ ውስጥ መግባት ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው ነገር ነው። አርታኢው አንዴ አነበበ፣ ደገመ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«ልጄ፣ ግጥምሽ ያነክሳል» አላት። «አንዱ እግሩ ይሮጣል፣ አንዱ እግሩ ቆሟል። የጠረፍ ሰዎች ግጥም ነው እንዳልል አይደለም፤ የተራራም አይደለም። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነብኝ። አስተካክለሽ አምጪ፣ መጽሐፉ ውስጥ ቦታ አለሽ።»

«እሺ ጋሼ» ብላ ወጣች። ከፋት። የከፋት ደግሞ ሰውዬው ውሸታም ስላልነበረ ነው።

ቤት ገብታ ልታስተካክል ተቀመጠች። ከኩሽና፣ «ቶሎ አውጪው፣ ሳይቃጠል በቅጠል!» የሚል ድምፅ መጣ። ተከትሎ፣ «ቆይ እንጂ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!» የሚል። እስክሪብቶዋ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ሄደ። በመጨረሻ ተነሳችና ጥጥ ጠቅልላ ሁለቱን ጆሮዎቿን ደፈነች።

ጉድ ነው፣ ግጥሙ ቀጥ አለ! ጨረቃ ወጣች፣ ልብ በራ፣ ጽጌረዳ ፈካ፤ ሁሉም በየመስመሩ እንደ ተተኮሰ ሱሪ ተዘረጋ። አያቶቹ ሲጠሯት አልመልስ ስላለች፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፦ ልጅቷ ታማለች።

ቅዳሜ እማማ ቶሎ ከማለዳ ጀምረው ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ። እማማ ቆይ ታክሲው መጥቶ ጡሩንባ ሲነፋ ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። እንደ ሁልጊዜው አንዷ እየጎተቱ፣ አንዷ እየተጎተቱ፣ በሰዓቱ ደረሱ። ገጣሚዋ ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸውና ከመድረኩ ጀርባ ተራዋን ጠበቀች።

ሁለቱም ዓይናቸውም ጆሯቸውም ደክሟል፤ መድረክ ላይ ያለ ሰው ለእነሱ ጥላ ነው። ማይክሮፎኑም ከእርጅና ብዛት የሁሉንም ድምፅ አንድ ዓይነት ያደርጋል። ስለዚህ ልጃቸው ወጥታ ስለ ጨረቃው ስታነብ አንዲት የማያውቋት ሴትዮ መሰለቻቸው።

አርታኢው በየስንኙ ራሱን ይነቀንቃል። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ጽጌረዳው ሊፈካ ሲል እማማ ቆይ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ እሳቸው፣ ጫማ ለማጥለቅ ግማሽ ቀን የሚፈጅባቸው! ጆሮው የደከመ ሰው ደግሞ ሹክሹክታ አያውቅም።

«ተነሽ ቶሎ እንሂድ፣ ይቺ ሴትዮ እንቅልፍ ልታስወስደኝ ነው» አሉ።

እማማ ቶሎ ቀሚሳቸውን ይዘው ጎተቷቸው። «ቆይ» አሉ። «ልጃችን ገና አልመጣችም።»

ሰዉ ሳቀ። ገጣሚዋ ግን መሳቅ አቃታት። ከዚያ አፍ «ቆይ» የሚል ቃል ሰምታ አታውቅም፤ ስለ እሷ ብለው ነው ያወጡት። እዚያ ቆማ ሳለ አሳዳጊዎቿ እየጠበቋት ነው፣ እሷ ደግሞ የለችም።

ወረቀቱን አጠፈችው። አርታኢውን አየችው፤ በጣቱ «ቀጥይ፣ ቀጥይ» ይላታል። መጽሐፉ ይቅር አለች በልቧ፣ ቢያማትም።

«ቶሎ በይ» ብላ በቃሏ ጀመረች።

ጀልባው ሄደ፣ ነፋሱ መጣ። እማማ ቆይ ቀስ ብለው መልሰው ተቀመጡ። «ቆይ» ላይ ስትደርስ ገጣሚዋ ትንፋሿን ያዘች፣ ካውያው እስኪግል እንደምትጠብቀው ያህል ጠበቀች፣ አዳራሹም አብሯት ጠበቀ። ግጥሙ እስከ መጨረሻው እያነከሰ ሄደ። አርታኢው እስክሪብቶውን አንስቶ ከመጽሐፉ ዝርዝር ስሟን ሰረዘ።

ከፊት ወንበር እማማ ቶሎ እማማ ቆይን በክርናቸው ጎሸም አደረጉ።

«መጣች! ዘገየች እንጂ።»

«ምን ዘገየች?» አሉ እማማ ቆይ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «በሰዓቷ ነው የመጣችው።»