ከወሰን የተነቀለው ድንጋይ

ደርበው ችኩል እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም። ቆሰበር ከተማ ሴራሚክ በማሽን እየቆረጠ ልጆቹን ያሳድጋል። አጌት የሚሉት፣ ውጭው ተራ ውስጡ ባለቀለም የሆነ ድንጋይ ገዢ አገኘ ሲባል ከሰማ ወዲህ ግን ያየውን ድቡልቡል ድንጋይ ሁሉ ካልሰነጠቅሁ አለ። አርባ ያህል ቆረጠ፤ የሁሉም ውስጥ አመድማ ነው። ጎረቤቶቹ «ዛሬስ ምን ወለደልህ?» እያሉ ይስቁበት ጀመር።

በመጨረሻ የወሰኑ ድንጋይ ትዝ አለው። አባቱ ግምጃ ቤት ከሚባለው መንደር አጠገብ ያለውን መሬት ለእሱና ለታላቅ እህቱ ለሙሉነሽ ሲያካፍሉ፣ የሁለቱንም እጅ አስጭነው የተከሉት ነው። «ይህን የነካ እኔን ነካ» ብለው ነበር። ክብ ነው፣ ሻካራ ነው፣ ሲያነሱት ደግሞ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። እንቅልፍ አጣ።

እሁድ ሙሉነሽ ቤተ ክርስቲያን ሳለች ሄዶ ነቀለው። በዚያው ጉድጓድ ሌላ ድንጋይ ተከለ። መሬቷን የመንካት ሐሳብ በልቡ አልነበረም፤ እንዲያውም ከሚገኘው ግማሹ የእሷ ነው ብሎ ቆርጦ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ላይ አስቀመጠው። ምላጩ ብዙ ጮኸ። ድንጋዩ ለሁለት ሲከፈልና ውሃው ጭቃውን ሲያጥበው ቀይና ነጭ ቀለበት በቀለበት ተደራርቦ ታየ፤ መሃሉ ያብለጨልጫል። ደርበው በደስታ አለቀሰ። ባጃጅ ተሳፍሮ እህቱ ዘንድ ከነፈ።

«እታለም፣ ድርሻሽን እንኪ» አላት።

ሙሉነሽ ግማሹን ተቀብላ የሚያምረውን ፊት ብዙም አላየችውም። ገልብጣ ሻካራውን ጀርባ በመዳፏ ዳበሰችው።

«ይሄ የአባባ አይደለም?»

«በቦታው ሌላ ተክያለሁ። አንዲት ስንዝር አላዛነፍሁም።»

«ማን አየህ?»

«ማንም። እምልልሻለሁ።»

«በምን ትምልልኛለህ፣ ደርበው?»

ሙሉነሽ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ድንጋዩን እጁ ላይ መልሳ፣ «ከእንግዲህ በየት በኩል እንደማሳርስ አንተው ትነግረኛለህ» አለችና ወደ ቤቷ ገባች።

ደርበው ወደ ማሳው ወረደ። ሌሊት የጣለው ዝናብ አፈሩን ደልድሎት የቁፋሮው ዳር ጠፍቷል። አዲሱ ድንጋይ አጠገብ ቆሞ ወዲህም ወዲያም አየ። የድሮው እዚሁ ላይ ነበር ወይስ ትንሽ ወደ እሷ አለፍ ብሎ? እሱም እርግጠኛ መሆን አልቻለም።