በጥፍር ሥር የቆመ ደም

አስማ የእናቷን የቀለበት ጣት ይዛ ከጥፍሩ ሥር አንዲት የዘይት ጠብታ አሳረፈችበት። ዘይቱ ቆዳውን ብርሃን እንዲያሳልፍ ያደርገዋል፤ ከስልኳ ጋር የተያያዘው ትንሽ ማይክሮስኮፕ ከፀጉር የቀጠኑትን የደም ሥሮች የሚያሳያት ያኔ ነው። ጎንደር በምትማርበት ቤተ ሙከራ የደምን ፍጥነት የምትለካው እንዲህ ነው፤ ነቁጥ የሚያህሉት ሕዋሳት ከአንዱ ምስል እስከሚቀጥለው የት እንደደረሱ እያየች።

«እንዳትነቃነቂ፣ እማ።»

«የምትነቃነቂውስ አንቺ ነሽ!» አለች እናቷ ሀሊማ።

ከክረምቱ ወዲህ የሀሊማ ጣቶች ድንገት ይነጣሉ፣ ይደነዝዛሉ። አስማ ነገ በማለዳ ወደ ጎንደር ትመለሳለች። እናቷን ሐኪም ዘንድ ይዛት ትሂድ ወይስ ትተዋት፣ ዛሬ መቁረጥ አለባት።

ሥሮቹ ታዩ። ደሙ ግን ቆሟል። ስልኩ የቆመ መስሏት የራሷን ጣት ከሌንሱ ሥር አስገባች። የሷ ይሮጣል።

«ነገ አብረን እንሄዳለን።»

«ነገ እኮ ገበያ ነው!»

«ደምሽ ቆሟል እኮ፣ እማ!»

«ከቆመ ማን ነው ታዲያ የሚያናግርሽ?»

ጨው ሊገዛ ከሀሊማ ሱቅ በር የቆመው ገበሬ ይርዳው ሳቀ። «እንደ ወገዳ መንገድ ሆኖ ነዋ። መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮበት።»

አስማ አልሳቀችም። የእናቷን እጅ ገልበጥ ስታደርግ የሀሊማ እጅጌ ጫፍ ርጥብ ነው።

«ውዱእ አድርገሽ ነው የመጣሽ?»

«ሳልታጠብ ልስገድ? ደግሞ ላንቺም ብዬ ነው። ሽንኩርት የነካ እጄን ልሰጥሽ ኖሯል? ደጋግሜ አጠብኩት።»

«በዚያ በረዶ ውሃ?»

«ታዲያ በምን?»

አስማ በራሷ ተናደደች። ማንንም ከመለካቷ በፊት እጁ ሞቆ እንዲያርፍ ታደርጋለች፤ ለባዕድ የምትጠነቀቀውን ለእናቷ ረሳችው። ሁለቱን እጆች በእጆቿ አፍና ያዘች። የራሷ እግር ግን ከወንበሩ ሥር አላርፍ አለ።

«ጨዉንስ ማን ይስጠኝ?» አለ ይርዳው።

«ራስህ ዝገን። እጄ ተይዟል» አለችው ሀሊማ።

እጆቹ ሲሞቁ እንደገና ለካች። ነቁጦቹ መጀመሪያ ፈራ ተባ እያሉ፣ ከዚያ ተያይዘው ነጎዱ። ደስ የሚላትን እስክታገኝ እየለካች እንዳይሆን ፈርታ ሌሎቹንም ጣቶች አየች። ከሷ ደም ትንሽ ይዘገያል፤ ግን በሁሉም ይፈስሳል፤ ያበጠም የተበጠሰም ሥር የለም።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም» አለች ቀስ ብላ። «ግን ለነገ የሚያስሮጥ ነገር አላየሁም። ሥሮቹ ብርድ ሲነካቸው ነው የሚኮማተሩት። ገበያ በሌለበት ቀን መጥቼ ደብረ ታቦር ሐኪም ዘንድ እወስድሻለሁ።»

«እሱን በይ።»

አስማ ከመደርደሪያው የሱፍ ጓንት አወረደች።

«የሚሸጥ ነው እኮ!»

ሁለቱን ያያያዘውን ክር በመቀስ ቆረጠች፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን በእናቷ እጆች አጠለቀች። መቀሱንም መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።