አምስት ሚሊ

ማሽኑ እየዞረ ነበር። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከስፌት መኪናዋ መርገጫ ላይ አንስታ በተከፈተው በር ባሏን ትመለከታለች። ሰውየው ብረት መቅረጫው ሚሊንግ ማሽን ላይ ጎንበስ ብሎ፣ በማሰሪያው በሞርሳው ውስጥ የታሰረችውን የአሉሚኒየም ቁራጭ በቀስታ ያስጠጋል። ከማሽኑ ራስ ላይ የተንጠለጠለችው ጠርዝ ፈላጊ፣ ጣት የምታህል ድቡልቡል ብረት፣ ጫፏ እንደ ሰካራም እየተወዛወዘ ይሽከረከራል። መዘውሩን ጥቂት አዞረው። ጫፏ የቁራጩን ጎን ስትነካ መወዛወዟ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጣ። አንድ አፍታ ጭራሽ የቆመች እስክትመስል ድረስ ቀጥ ብላ ዞረች። ከዚያ በድንገት ወደ ጎን ሸተት አለች።

«ያዝኩሽ!» አለ ሰውየው።

«አምስት» አለች ልብስ ሰፊዋ በሆዷ። «አምስት ጨምር፣ የኔ ጌታ።»

የጠርዝ ፈላጊዋ ጫፍ ውፍረቱ አስር ሚሊሜትር ነው። ጎኗ ጠርዙን ሲነካ መሃሏ ገና አምስት ሚሊ ይቀረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ እሷን ማንሳት፣ ጠረጴዛውን አምስት ሚሊ ወደ ውስጥ መግፋት ነው፤ መዘውሩ ላይ ያለውን ባለቁጥር ቀለበት ዜሮ ላይ ማድረግ ከዚያ በኋላ ነው። ባሏ ሰላሳ አንድ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ የሠራው ይህንኑ ነው።

ጠርዝ ፈላጊዋን አነሳ። ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። ቀለበቱን ባለበት ዜሮ ላይ አደረገው። ከዚያ እያፏጨ መሰርሰሪያውን መግጠም ጀመረ።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ወደ ጨርቋ መለሰች። ከጠርዝ አስራ ሁለት ሚሊ ላይ መውጣት የነበረበት ቀዳዳ ሰባት ላይ ሲወጣ ድምፁን ሰማችው። አዲስ ነገር አልነበረም።

ሰፈሩ ሁሉ «ሚሊ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት የሰርጋቸው ዕለት ፎቶ አንሺው ነበር፤ ሙሽራው ፎቶውን መነሳት ትቶ «ካሜራህ ሁለት ሚሊ ወደ ግራ አጋድሏል» እያለ መድረሻ ቢያሳጣው ጊዜ። ጡረታ ሲወጣ ፋብሪካው ሊጥለው የነበረውን አሮጌ ማሽን ወስዶ ከመኝታ ቤታቸው ቀጥሎ ባለችው ክፍል ተከለው። የስፌት መኪናዋ ከበሩ ወዲህ፣ የሱ ማሽን ከበሩ ወዲያ ሆኖ፣ እሷ በጨርቅ እሱ በብረት ሲታገሉ ይውሉ ነበር።

ዋና ደንበኛው ዊልቸር ጠጋኙ ነው። የዊልቸሮቹን የፊት ጎማ የሚይዙትን ባለሁለት ቀዳዳ ቁራጮች ከሚሊ ሌላ ለማንም አያሠራም። ታዲያ ከስምንት ወር በፊት ይኸው ሰው አራት ቁራጭ በፌስታል ይዞ መጣና ሚሊ እንዳይሰማው ልብስ ሰፊዋን ወደ አጥሩ ሳብ አደረጋት።

«እትዬ፣ ለጋሼ እንዴት ብዬ ልንገረው? ቀዳዳዎቹ ወደ ጠርዝ ሸሽተዋል። ጎማው ከብረቱ ጋር ይፋተጋል። አንዷ ደንበኛዬ ቁልቁለት ላይ ልትገለበጥ ለትንሽ ነው የተረፈችው።»

«የኔ ጥፋት ነው» አለች ቶሎ ብላ። «የተበላሹትን ከደህናዎቹ ቀላቅዬ የሰጠሁህ እኔ ነኝ።»

በሳምንቱ ባሏን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገራት፤ የምሥራች የሚያበስር ይመስል «ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው» ብሎም ጨመረላት። ቤት ሲመለሱ አምስቱን እንደሚረሳ ልትነግረው ሞከረች። «ሰላሳ አንድ ዓመት የበላሁበትን ሙያ አንቺ ልታስተምሪኝ?» ብሎ ጮኸባት። ከዚያ ሙሉ ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ። ሁለተኛ አላነሳችበትም።

ይልቅ ተማረች። ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ሐኪሙ ያዘዘለት መድኃኒት እንቅልፍ ሲጥለው፣ ቅባት የጠጣ ማስታወሻ ደብተሩን ገልጣ ማሽኑ ፊት ትቆማለች። መጀመሪያ መዘውሩን ስትነካ እጅ እግሯ ተሳሰረ። አንድ ወር ሙሉ ያቺ አምስት ሚሊ አልገባት አለች፤ ጠርዙ ከተገኘ ወዲያ ለምን ሌላ መጨመር ያስፈልጋል? አንድ ቀን ቀሚስ ስትቆርጥ በራላት። የስፌት ትርፍ ነው! መቀሱ የሚሄድበትና ክሩ የሚሄድበት አንድ አይደለም፤ በመካከላቸው የሚተው አለ። ያን ቀን ብቻዋን ሳቀች። የምትነግረው ሰው ግን አልነበራትም፤ ይህን ቢሰማ ከማንም በላይ የሚደሰተው እሱ ነበርና።

ዛሬም ከምሳ በኋላ ትንፋሹ እስኪረጋ ጠብቃ ገባች። ዊልቸር ጠጋኙ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስድስት ቁራጭ ሊወስድ ቀጠሮ አለው። ጠዋት የተበላሹትን ሰብስባ ቅርጫቷ ውስጥ ከጨርቅ ቅዳጁ ሥር ደበቀች። አዲሱን ቁራጭ ጎኑን በሞረድ አለሰለሰች፤ ሞርሳውን በብሩሽ ጠረገች፤ አንዲት ፍቅፋቂ ከሥሩ ከቀረች ሁሉም ይዛባል። አሰረችው። ማሽኑን አስነሳችና ጠረጴዛውን አስጠጋች። ካለፈች ወደ ኋላ መልሳ አታስተካክልም፤ የአሮጌው ማሽን ጥርስ ስለላላ ሲመለስ ቁጥሩ ይዋሻል። ርቃ ሄዳ እንደ አዲስ ከዚያው አቅጣጫ ትመጣለች። ጫፏ ተወዛወዘች፣ ረጋች፣ ሸተት አለች። አነሳች። አምስት ገፋች። ዜሮ። ሌላኛውን ጎንም እንዲሁ።

አራተኛውን ጨርሳ ማሽኑን ስታጠፋ ከኋላዋ ድምፅ ሰማች።

«ጥሩ ነው። ግን ትንሽ ትቸኩያለሽ።»

ክው አለች። ባሏ ነጠላ ጫማውን ተጫምቶ የበሩን መቃን ተደግፎ ቆሟል። ዓይኖቹ ጥርት ያሉ ናቸው፤ እንዲህ ጠርተው ካየቻቸው ሰንብታለች።

«አልተኛህም እንዴ?»

«መድኃኒቱን አልዋጥኩትም። ባለፈው ሳምንት ከአንዱ ቀዳዳ ውስጥ ሰማያዊ ክር መዝዤ አወጣሁ። የኔ ማሽን ከመቼ ጀምሮ ነው ልብስ የሚሰፋው አልኩ። ከዛ ረሳሁት። ዛሬ ምሳ ላይ ያንቺን ሰማያዊ ክር እጅጌሽ ላይ ሳየው ትዝ አለኝ።» ጠጋ አለ። «ስንት ጊዜሽ ነው?»

መዋሸት ፈለገች፤ አፏ ግን አልታዘዛትም። «ስምንት ወር።»

«የኔዎቹስ የት አሉ?»

«ምን ያደርጉልሃል? ተዋቸው።»

«አምጫቸው አልኩ እኮ፣ አንቺ ሴት!»

ቅርጫቱን አመጣች። ጨርቁን አራግፎ ቁራጮቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው፤ የዛሬውን ብቻ ሳይሆን የወራቱን ጭምር፣ ሃያ ስድስት። ካሊፐሩን አንስቶ አንድ በአንድ ለካ። እሷ ጥግ ላይ ቆማ እጇን በሽርጧ ጠቅልላለች። እሱ ሲለካ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሰባት። ሰባት። ሰባት። የመጨረሻውን ሲያስቀምጥ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰ ብላ ወደሱ ስትሮጥ ለካስ እየሳቀ ነው።

«አየሽልኝ? ሃያ ስድስቱም እኩል! በፀጉር እንኳ አይለያዩም። ስህተቴም ልክ ነው።»

ሳቀች፤ ምን ታድርግ። ሲስቅ ሲስቅ ቆይቶ ሳቁ መንገድ ላይ ተቀየረበት። ከበርጩማው ላይ ቁጭ አለና ፊቱን ቅባት በነካው መዳፉ ሸፈነ። ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«ሰውየው እያመሰገነኝ ነበር» አለ ከሽርጧ ውስጥ። «እኔም ኮራ ብዬ ስሰማው ነበር።»

«ይገባሃላ። ያንተ ደብተር ነው ያስተማረኝ።»

«እንዳታባብይኝ።» ቀና አለ። «ስሚኝ። ዛሬ አምስት ሚሊ ነው የረሳሁት። ነገ ማሽኑ እየዞረ መሆኑን እረሳለሁ። ማሽን ጣቱን የበላበትን ሰው አይቻለሁ፤ አብሮኝ ይሠራ የነበረ፣ ከኔ የሚሻል ሰው ነበር። ብቻዬን ማሽን እንዳላስነሳ።»

«እሺ።»

«እሺ አትበይኝ! ይሄን እረሳዋለሁ። ምናልባት ከማታ በፊት እረሳዋለሁ። ስረሳው ንገሪኝ። ባላምንሽ እነዚህን አውጥተሽ አሳዪኝ። ብጮህብሽ ጩሂብኝ። ብቻ እንደ ሕፃን አትሸንግዪኝ። ቃል ግቢልኝ።»

«እንዴት አድርጌ ነው በየቀኑ እንዲህ የማስለቅስህ?»

«እኔ እንደሆንኩ አልቅሼ እረሳዋለሁ» አለ። «ችግሩ ያንቺ ነው። አንቺ አትረሺም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ማለችለት። የቀሩትን ሁለት ቁራጮች አብረው ሠሩ፤ እሷ መዘውሩ ላይ፣ እሱ አጠገቧ። «ቀስ፣ ቀስ፣ አሁን ልትረጋ ነው… እሷን!» እያለ። በስምንት ወር ውስጥ እንደዚያች ግማሽ ሰዓት ያለ ጊዜ አልነበራቸውም። ሲጨርሱ ደክሞት ጋደም አለ፤ መድኃኒቱንም ዋጠ።

ዊልቸር ጠጋኙ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ሚሊ ከእንቅልፉ ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ሳሎን ሬዲዮ እየሰማ ተቀምጧል። ጠጋኙ ስድስቱን ቁራጮች እያገላበጠ በብርሃን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ መቼም እጅህን ይባርክ። አንድ እንኳ ጎማ አልተመለሰብኝም። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ለስምንት ዊልቸር ያስፈልገኛል።»

ልብስ ሰፊዋ ባሏን አየችው። ባሏ ደረቱን ነፋ አደረገ።

«ሚስጥሩ ትዕግሥት ነው» አለ። «የዛሬ ልጆች ጠርዙን ሳያገኙ ይቆርጣሉ። እኔ አንዱን ቁራጭ ሁለት ጊዜ ነው የማየው። ጠዋት ሙሉ እነዚህ ላይ ነበርኩ፤ እሷን ጠይቃት።»

«አይደል እንዴ፣ እትዬ?» አለ ጠጋኙ ሳቅ ብሎ።

«አዎ» አለች። «ጠዋት ሙሉ እዚያ ነበር።»

ጠጋኙን እስከ አጥሩ በር ሸኘችው። ብቻዋን እንደቀረች መዝጊያውን ይዛ ቆመች። መንገዱ ላይ አንዲት ሴት ልብስ ተሸክማ ታልፋለች፤ ሰላም አለቻት፤ ልብስ ሰፊዋም ሰላምታውን መለሰች። ዝም ብላ ብትመለስስ? ሰውየው ደስ ብሎታል። ነገም ጠዋት አጠገቡ ትቆማለች፣ ዓይኗን ከእጁ አትነቅልም፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ እንደለመደችው። ማንን ጎዳ? ይህን ስታስብ «እንደ ሕፃን አትሸንግዪኝ» ያላት ድምፅ ጆሮዋ ላይ አለ። ያ ሰው ከሁለት ሰዓት በፊት እዚሁ ቤት ነበር። ምናልባት ሁለተኛ አይመጣ ይሆናል። ከመሄዱ በፊት የለመናት አንድ ነገር ብቻ ነው።

ተመልሳ ገባች። ሚሊ ቁጭ ካለበት ፈገግ ብሎ ቀና አለ።

«ሰማሽው አይደል? ለስምንት ዊልቸር! ነገ በጠዋት ነው የምጀምረው። ይሄ ማሽን ገና አላረጀም፣ እኔም አላረጀሁም።»

«ሰምቻለሁ።»

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

በሩን ዘጋችው። ሬዲዮኑን አጠፋች። ወንበር ስባ ጉልበቷ ጉልበቱን እስኪነካ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ሁለቱንም እጆቹን ያዘች።

«የምነግርህ ነገር አለ» አለችው። «እስክጨርስ አታቋርጠኝ።»