«አየሁ» ስትለው

መስታወቱ መደርደሪያው ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ተኝቷል። ስፋቱ የሻይ ትሪ ያህላል፤ ውፍረቱ ሁለት ጣት ነው። የብር ቅቡ ስስ አቧራ ለብሷል፤ ጠርዙ ላይ የሟቹ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ልጅቷ ከቀብር መልስ የአባቷን የሥራ ክፍል ስትከፍት ያገኘችው ይህን ነው። ምንም ሳትነካ በሩን መልሳ ዘጋችው።

በማግስቱ ክፍሉ ለልቅሶ ደራሾች መቀመጫ ተፈለገ። አክስቷ፣ የአባቷ ታላቅ እህት፣ ገና ሲነጋ ተነስታ ወለሉን ጠረገች፣ መስኮቱን ወለወለች፣ መስታወቱንም በሳሙናና በሽቦ ፈትጋ አጠበችው። ልጅቷ ስትደርስ ግድግዳ ተደግፎ ውሃው ይንጠባጠባል። ብሩ ተልጦ ሄዷል፤ አሻራውም አብሮት። ብሩ በሌለው ባዶ ብርጭቆ ውስጥ የግድግዳው ስንጥቅ ይታያል።

«ያልፈተግሁት ቦታ የለም» አለች አክስት፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «ይባስ ብሎ ፊቴን እንኳ አላሳይም አለ።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጠርዙን በጣቷ ዳበሰች። አባቷ መነጽር ሠሪ ነበር። ቀን የሰው መነጽር ሲሠራ ይውላል፤ ቤት ሲገባ ደግሞ ኮከብ ለሚያይበት ቴሌስኮፕ መስታወት ይሞርዳል። ብርጭቆውን በርሜል ላይ አስሮ፣ እንደ አሸዋ የሚሻክር ዱቄት ነስንሶበት፣ በሌላ ብርጭቆ መፈተግ ነው ሥራው። መግፋት፣ መሳብ፣ በርሜሉን አንድ እርምጃ መዞር፤ እንደገና መግፋት። ልጅ ሆና አብራው ዞራለች። ይህን ትልቁን ግን ብቻውን ነው የዞረው። ሲጨርሰው ዝናቡ ገባ፣ ሰማዩ ተደፈነ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያይበት ሞተ። «አቧራውን ተዪው» ይላት ነበር። «ብርሃን የሚሰርቀው ጨርቅ ነው።»

ሳሎን ውስጥ ጎረቤቶች ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ሰፈሩ አባቷን የሚጠራው የሰማይ ዘበኛ እያለ ነበር። አንድ ሽማግሌ፣ ዘበኛው ከሄደ እንግዲህ ሰማዩን ማን ይጠብቅልናል ብለው ቀለዱ። ሳቁ ቶሎ ሞተ፤ ሰው ሁሉ ወደ እናቷ ዞረ። እናቷ ፈገግ አለች። ፈገግታዋን የላከችው ግን ሽማግሌው ወዳልተቀመጡበት ወገን ነው።

ልጅቷ ሻይዋን አማሰለች። ቅጠሉ ከስኒው ግርጌ መሃል ላይ ተሰበሰበ። የሚሽከረከር ነገር ወደ ጠርዝ ይሸሻል፤ ቅጠሉ ለምን ወደ መሃል ይመጣል? ገና ትምህርት ቤት ስትገባ አባቷ የጠየቃት ነው፤ መልሱን አልነገራትም። «አንቺው እዪው» ነበር የሚላት። የሻይ ቅጠል የማያመልጠው ሰውዬ የሚስቱ ትከሻ ከየበሩ መቃን ጋር ሲጋጭ አላየም። ልጅቷ ይቅር ያላለችው ይህን ነው። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሚስቱን ይጠራል፤ ነይ፣ ዛሬ የምታዪው አለ ይላታል። እናቷ ግድግዳውን እየዳበሰች ትወጣለች፣ ትጎነበሳለች፣ «አየሁ» ትላለች። ልጅቷ ግን ኮከቡ ቀርቶ ደረጃው እንደማይታያት ታውቅ ነበር። እናቷ፣ ዝም በይ፣ ያቺን ደስታውን አታበላሺበት ብላታለች። ከዓመታት በኋላ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ፣ ግላኮማ የሚባል የዓይን በሽታ ነው፣ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ባለበት ማቆም ይቻል ነበር ተባሉ።

ጎረቤቶቹ ሲወጡ አክስቷን ኩሽና ውስጥ አገኘቻት።

«እቴቴ፣ ያ መስታወት ዳግመኛ ብር ካልተቀባ ኮከብ አያሳይም።»

አክስት የያዘችውን ስኒ ማጠቢያው ውስጥ ለቀቀችው። «ወይ እኔ! ለሷ ብሎ የሠራውን።»

«ለማን?»

«ለእናትሽ ነዋ። መስታወቱ ሲተልቅ ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፣ ብዙ ብርሃን ካመጣሁላት ምናልባት ታይ ይሆናል ይለኝ ነበር።»

«እንደማታይ ያውቅ ነበር?»

«ደረጃው ላይ ከወደቀች ጀምሮ።»

ልጅቷ ያንን ቀን ታስታውሰዋለች። ሐኪም ዘንድ ከመሄዳቸው ከብዙ ዓመት በፊት ነው።

«ታዲያ ምን ይዞት ዝም አለ?»

«አየሁ እያለችኝ እንዴት ዋሸሽ ልበላት አለኝ። መነጽር ሠሪ ሆኖ በገዛ ቤቱ…» አክስት አልጨረሰችውም። «አፍሮ ነው፣ ልጄ።»

እስከ ዛሬ አላየም ብላ ነበር የተቀየመችው። አይቷል። ሦስቱም አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው፣ ሦስቱም ያንኑ ነገር እያወቁ፣ የእናት ዓይን እስኪጠፋ ተከባብረው ጠበቁ።

ከሳሎን ስኒ ከማስቀመጫው ጋር ሲንኳኳ ተሰማ። በሩ ክፍት ነበር። የእናቷ ጆሮ እንደ ዓይኗ አልደከመም።

ፀሐይ እንደገባች ደመናው ተገፈፈ፤ ለመሙላት ጥቂት የቀራት ጨረቃ ከጣሪያዎቹ በላይ ብቅ አለች። አክስት ይህን ለእናት ስትነግራት እናት ልጇን ጠራቻት።

«አውጪው።»

«እማዬ፣ ብሩ እኮ ተልጧል።»

«ሰምቻለሁ። አውጪው።»

ልጅቷ ጣሪያው ላይ ባዶውን ብርጭቆ ከቴሌስኮፑ ቱቦ ግርጌ አስገብታ፣ ቱቦውን ወደ ጨረቃ አቅንታ፣ መጀመሪያ ራሷ አየች። ጨረቃ ነበረች። ደብዘዝ ብላለች፣ የጉድጓዶቿ ከንፈር ግን በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ሽቦው የነካው ብሩን ብቻ ነው፤ አባቷ ያወጣው ቅርጽ እንዳለ አለ።

የእናቷን ትከሻ ይዛ አስጠጋቻት። እናት እንደ ድሮዋ ጎነበስ ብላ ትንፋሿን ያዘች። ልጅቷ ያቺን አንዲት ቃል ጠበቀች።

«አይታየኝም» አለች እናት። ለልጇ አልነበረም። «ሰማህ? ምንም አይታየኝም።»

ቀና ግን አላለችም። በአውራ ጣቷ የቱቦውን ጠርዝ እየዳበሰች፣ ዓይኗን ካስጠጋችበት ሳታነሳ ቆየች። ጨረቃ ፈቀቅ ባለች ቁጥር ልጅቷ ቱቦውን በጣቷ ገፋ እያደረገች መሃል ላይ አቆየችላት።

ባዶ ብርጭቆ ካረፈበት ብርሃን የሚመልሰው ከመቶ አራት እጁን ነው። ለጨረቃ ይበቃል።