ስታማቲስ ኦሊምፒያ ላይ የሮጠ ዕለት

ጎረቤቴ ስታማቲስ እዚሁ ኦሊምፒያ ተወልዶ ስልሳ ዓመት ሲሞላው፣ ጥንታዊው ስታዲየም ውስጥ የገባው አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም የጠፋች ፍየል ፍለጋ። ለሴት ልጁ የወደፊት አማቶች ግን እንዲህ አልነገራቸውም። ከቮሎስ ከተማ ሲደውሉለት፣ «በየዓመቱ በፋሲካ ማግስት ከጫፍ እስከ ጫፍ እሮጠዋለሁ፤ እስካሁን የቀደመኝ የለም» ብሏቸው አረፈ።

እነሱም መጡ። የሙሽራው አባት ላምብሮስ ጡረታ የወጣ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ እግሩ እንደ ሽመላ የረዘመ። ገና ሻንጣውን ሳያወርድ፣ «አቶ ስታማቲስ፣ ነገ አብረን እንሮጣለን!» አለ። የስታማቲስ ፊት አመድ መሰለ።

በማግስቱ ጠዋት በእኔ መኪና ሄድን። የስታዲየሙ በር ላይ ስታማቲስ ክንዴን ጎተተኝ።

«ፓናጎ፣ ጉልበቱን ያመዋል በልልኝ።»

«የትኛውን ጉልበት?»

«የፈለግከውን!»

«ብቻህን ጀመርከው፣ ብቻህን ጨርሰው።»

የፈራው መሸነፉን አልነበረም፤ ከውሸታም ቤት ልጅ ወሰድን እንዳይሉት ነው።

በድንጋዩ ቅስት ሥር አልፈን ሜዳው ላይ ወጣን። ቱሪስቶቹ እየሮጡ ፎቶ ይነሳሉ። ሁለቱ የመነሻው ድንጋይ ላይ ቆሙ። የላምብሮስ ሚስት ኡራኒያ አጨበጨበችና ተነሱ።

ስታማቲስ ሆዱን አስቀድሞ ወጣ። መሀል ሲደርስ ትንፋሹ እኔ ያለሁበት ድረስ ይሰማል። ላምብሮስ በሁለት እርምጃ ሊያልፈው ሲችል፣ ዳዴ የሚል ሕፃን እንደሚጠብቅ ሰው ከኋላው ሱክ ሱክ ይላል። ልጁን የሚድርለትን ሰው በገዛ አገሩ መቅደም ነውር ሆኖበታል። ስታማቲስም ይህ ገባውና፣ መጨረሻው መስመር አንድ እርምጃ ሲቀረው ቀጥ አለ።

«ይግቡ!» አለ እያለከለከ። «እንግዳ ነዎት።»

«እርስዎ ቀድመዋል፤ ይግቡ!»

«እኔ ቆሜ እንግዳ ከኋላዬ? አይደረግም!»

ምግብ ቤት ውስጥ ሂሳቡን እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል እንደሚባባሉ ሰዎች ክንድ ለክንድ ተያያዙ። የስታዲየሙ ጥበቃ ፊሽካዋን ነፋች፤ ማን ሰምቷት!

በመጨረሻ ስታማቲስ ጮኸ፦ «ስማ ላምብሮስ! እዚህ ሮጬ አላውቅም፤ ዋሽቼሃለሁ! ስለዚህ ያሸነፍከው አንተ ነህ፤ ግባ በቃ!»

ላምብሮስ በሳቅ ፈረሰ። «ይህንንማ ሦስተኛው እርምጃህ ላይ አወቅኩት! አርባ ዓመት ሩጫ ነው እኮ ያስተማርኩት። አሁን ግባ።»

«አልገባም!»

ኡራኒያ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ መጣችና ሁለቱንም ከኋላ ገፈተረቻቸው። «ፀሐዩ አናቴን በሳው! የሠርጉ ቀን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስትጋፉ ልትውሉ ነው?»

የማን እግር እንደቀደመ በደንብ አይቻለሁ፤ አልናገርም እንጂ። ስታማቲስ ግን ቡና ቤት በተቀመጠ ቁጥር «ላምብሮስ ቀደመኝ!» እያለ ይምላል። በዕድሜዬ ሰው በመሸነፉ እንዲህ ሲፎክር አይቼ አላውቅም።